ስልቻ፣ ወናፍና ባንጆ፤ የአየርላንድ ወጣቶችና የአባቶቻቸው ዜማ

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ በስልኬ ላይ ያገኘሁትን አንድ የአየርላንድ የሙዚቃ ፊልም አሳየኋቸው። በፊልሙ ውስጥ ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት ብዙ የማይዘል አንድ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ በጠባብ መጠጥ ቤት ጥግ ጐን ለጐን ተቀምጠዋል። ልጅቱ ባንጆ ይዛለች። ወጣቱ ግን ወዲያው አልጀመረም። መጀመሪያ በወገቡ ላይ ቀበቶ ታጠቀ፤ ቀጥሎ በቀኝ ክርኑ ሥር ትንሽ ወናፍ አሰረ፤ ከዚያም በግራ ብብቱ ሥር የቆዳ ስልቻ አቀፈና ቀኝ ክርኑን ከፍ ዝቅ ያደርግ ጀመር። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ባልደረባችን መነጽራቸውን አስተካክለው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህ ጐበዝ አንጥረኛ ነው ወይስ ዘፋኝ?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሣቅን።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ። ሰው ስልክ ነክቶ የዓለምን ሙዚቃ ሁሉ መስማት በሚችልበት በዛሬው ዘመን፣ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ወናፍ ታጥቆ የቅድመ አያቱን ዜማ ለመጫወት ምን አነሣሣው? ደግሞስ ይህ መሣሪያ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ ማን አዳነው? ነገሩን ተከታትዬ ስመረምረው ለእኛ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በተለይ የሚነግረን ቁም ነገር ያለው ሆኖ ስላገኘሁት ለዛሬው እሑድ ገጽ አቅርቤዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ባግፓይፕ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሰልፍ ላይ ቀሚስ መሰል ልብስ ለብሰው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው የሚጫወቱትን የስኮትላንድ ሰዎች ነው። የአየርላንዱ መሣሪያ ግን ከእርሱ ጋር ዝምድና ይኑረው እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ስሙ «ኢለን ፓይፕስ» ይባላል፤ ስያሜውም በአይሪሽ ቋንቋ ክርን ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የስኮትላንዱ በአፍ ይነፋል፤ ድምፁም ለሜዳ የተሠራ ስለሆነ ኃይለኛ ነው። የአየርላንዱ ግን አፍ አይነካውም፤ አየሩን የሚያገኘው በቀኝ ክርን ከሚጨመቀው ወናፍ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ተቀምጦ ነው የሚጫወተው። ድምፁም ለስለስ ያለ፣ ለቤት ውስጥ የሚስማማ ነው። ከወናፉ የሚመጣው አየር ከሰው እስትንፋስ ይልቅ ደረቅ በመሆኑ በውስጡ ያሉት የሸምበቆ ምላሶች በእርጥበት ቶሎ አይበላሹም።

ወናፉ አየሩን ወደ ስልቻው ይልካል፤ ስልቻው ደግሞ በግራ ክንድ እየተጨመቀ አየሩን ለሦስት ዓይነት ቧንቧዎች ያከፋፍላል። የመጀመሪያው በሁለት እጅ ጣቶች የሚያዘው ዋሽንት መሰል ቧንቧ ሲሆን ዜማው የሚወጣው ከእርሱ ነው። ሁለተኛዎቹ ሦስት ቧንቧዎች ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ድምፅ ብቻ ሳያቋርጡ ያሰማሉ። ሦስተኛዎቹም እንዲሁ ሦስት ሲሆኑ ቁልፎች አሏቸው። ተጫዋቹ ጣቶቹ ዜማውን እያወጡ ሳሉ በእጁ አንጓ ቁልፎቹን እየተጫነ ለዜማው ማጀቢያ ይሰጠዋል። እንግዲህ ቀኝ ክርን፣ ግራ ክንድ፣ ጣቶችና የእጅ አንጓ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ ማለት ነው። ጉልበት እንኳ ሥራ አለው፤ ተጫዋቹ የዜማውን ቧንቧ ጫፍ በጭኑ ላይ ሲደፍነው ድምፁ ቀጥ ይላል። በዚህም የተነሣ እንደ ሌሎቹ ባግፓይፖች ሳያቋርጥ ብቻ ከማሰማት ይልቅ ዜማውን ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ማሰማት ይችላል። ቧንቧው እንደ ተደፈነ ስልቻውን ጠበቅ አድርጎ ቢጨምቀው ደግሞ ድምፁ ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል።

ይህን ሁሉ አስተባብሮ መጫወት ቀላል ስላልሆነ በአየርላንድ አንድ የቆየ አባባል አለ፦ አንድን ሰው ባግፓይፕ ተጫዋች ለማድረግ ሰባት ዓመት መማር፣ ሰባት ዓመት መለማመድ፣ ሰባት ዓመት መጫወት ያስፈልጋል ይላሉ። በድምሩ ሃያ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። አባባሉ የማጋነን ነገር ባይታጣበትም የሥራውን ክብደት ያሳያል።

ዜማ እንዴት ይሞታል?

ይህ መሣሪያ መልክ የያዘው በ18ኛው ምእተ ዓመት ሲሆን በሀብታሞችም በድሆችም ቤት ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ታላቁ መከራ መጣ። ከ1845 ጀምሮ የድንች ተክል በበሽታ ጠፍቶ በአየርላንድ ጽኑ ረኀብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኀብና በበሽታ አለቀ፤ ሌላም ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደደ። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በ1851 ወደ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ወርዶ ተገኘ። ሕዝብ ሲረግፍ በየመንደሩ እየዞረ በሠርግና በበዓል የሚጫወተው ሰው አብሮ ይረግፋል፤ ከሞት የተረፈውም የሚያጫውተው ሰው ያጣል።

ነገር ግን ዜማን የሚገድለው ረኀብ ብቻ አይደለም። ኀፍረትም ይገድለዋል። ከረኀቡ በኋላ የአባቶች ቋንቋና የአባቶች ሙዚቃ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። ልጁ ወደ ከተማ ሄዶ እንዲማርለት ወይም ባሕር ተሻግሮ እንዲያልፍለት የሚፈልግ አባት ስልቻና ወናፍ አያወርሰውም። በ1935 ደግሞ የወጣው ሕግ ሕዝብ የሚጨፍርበት ቦታ ሁሉ ከፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘ። በዚህም የተነሣ በገጠር ቤቶች ማእድ ቤት ውስጥና በመንገድ መጋጠሚያ ላይ ይደረግ የነበረው ጭፈራ እየተዳከመ ሄደ። ጭፈራው ወደ ትልልቅ አዳራሾች ሲዛወር ለስላሳ ድምፅ ያለው ባግፓይፕ በአዳራሹ ጫጫታ መካከል ሰሚ አጣ።

ከዚያ ዘመን ከነበሩት ተጫዋቾች መካከል የጆኒ ዶራን ታሪክ ልብ ይነካል። ዶራን በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ከነቤተሰቡ እየተዘዋወረ በየገበያውና በየስፖርት ሜዳው የሚጫወት ሰው ነበር። በ1947 የአየርላንድ የባህል ቅርስ ኮሚሽን ድምፁን በጥቂት ሸክላዎች ቀረጸለት። በሚቀጥለው ዓመት ደብሊን ውስጥ በጋሪው ላይ ግንብ ተደርምሶበት ክፉኛ ተጎዳና በ1950 ዐረፈ። ዛሬ ከእርሱ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ከዚያ ከ1947ቱ ቀረጻ የተገኘ ነው። ቀረጻው አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ታላቅ ተጫዋች ስሙ እንጂ ድምፁ ባልቀረ ነበር። የዛሬ ወጣቶች እነዚያን ጥቂት ዜማዎች ደጋግመው እየሰሙ ጣቶቹ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ለማወቅ ይጥራሉ።

የመንግሥት ሠራተኞቹ ውለታ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንድረስ። ዜማውን ማን አዳነው ቢባል መልሱ ሙዚቀኞች ብቻ አይደሉም። ከአዳኞቹ መካከል ሁለቱ እንደ እኛ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ፍራንሲስ ኦኒል ነው። በ1848 በአየርላንድ ኮርክ አውራጃ ተወልዶ፣ ገና በወጣትነቱ መርከበኛ ሆኖ ዓለምን ከዞረ በኋላ አሜሪካ ገብቶ በቺካጎ ከተማ ፖሊስ ሆነ። ከ1901 እስከ 1905 ድረስም የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ይህ ሰው ከሥራው ሰዓት ውጭ ከስደተኛ ወገኖቹ ዜማ ይለቅም ነበር። በ1903 ያሳተመው መጽሐፍ 1,850 ዜማዎችን ይዞ ወጣ። አገር ቤት የተረሳውን ዜማ በስደት ያለ የፖሊስ ሹም መዝግቦ መለሰው ማለት ነው።

ሁለተኛው ብሬንዳን ብራህናክ ይባላል። በ1912 ደብሊን ተወለደ፤ በአየርላንድ መንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤትም ሠራተኛ ነበር። የሰበሰባቸውን የጭፈራ ዜማዎች የመጀመሪያ ቅጽ በ1963 አሳተመ። ከዚያም ሥራውን ይበልጥ እንዲቀጥል ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወረለት። ይህ ሰው ቀን ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር የሚውል፣ ማታና በበዓል ቀን ግን ሽማግሌ ተጫዋቾችን እየፈለገ ዜማቸውን በኖታ የሚጽፍ ትጉህ ነበር። «ጊዜ የለኝም» የምንለው እኛ የእርሱን ሕይወት ብናስብ አፍረን ዝም የምንል ይመስለኛል።

በ1968 የባግፓይፕ ተጫዋቾች ቤቲስታውን በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተሰብስበው «ና ፒበሪ ኢለን»፣ ማለትም «የኢለን ባግፓይፕ ተጫዋቾች» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም ብራህናክ ሆነ። በዚያን ጊዜ መሣሪያውን የሚጫወቱት ሰዎች ከአንድ መቶ እንደማይበልጡ ይነገር ነበር። ማኅበሩ የሠራው ሥራ ሲመረመር ግን የሚያስደንቀው ታላቅነቱ ሳይሆን ተራነቱ ነው። መግለጫ በማውጣትና በዓል በማክበር አልተወሰነም። መሣሪያው ምን ምን እንደሚጐድለው አንድ በአንድ አየ። አስተማሪ ይጐድለዋል፤ ስለዚህ የማስተማሪያ ክፍሎችን ከፈተ። ሠሪ ይጐድለዋል፤ ስለዚህ ሠሪዎች እንዲሠለጥኑ አደረገ። የሸምበቆ ምላስ መቅረጽ የሚችል ሰው ይጐድለዋል፤ ስለዚህ ያንን ለብቻው አስተማረ። ድሃ ልጅ መሣሪያ መግዛት አይችልም፤ ስለዚህ መሣሪያ በውሰት መስጠት ጀመረ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሙሉው መሣሪያ በብዙ ሺህ ዩሮ የሚሸጥ ሲሆን፣ ጥሩ ሠሪ ዘንድ ያዘዘ ሰው ለዓመታት ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ጀማሪ ወናፉን፣ ስልቻውንና የዜማውን ቧንቧ ብቻ ይዞ ይጀምራል፤ ከዓመታት በኋላ ሳያቋርጡ የሚያሰሙት ቧንቧዎች ይታከሉለታል፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ በመጨረሻ ይጨመራሉ። መሣሪያው ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው። በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ላይ በ2017 የተጻፈውም ይህ ሁሉ ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው። መዝገቡ የድካሙ ፍሬ እንጂ የድካሙ ምትክ አልነበረም።

ከማኅበሩም በፊት ቢሆን ክሩን ያላስበጠሱ መምህራን ነበሩ። ሊዮ ራውሰም ከቤተሰቡ ሦስተኛ ትውልድ የመሣሪያው ሠሪ ሲሆን በደብሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስተምር ኖሮ፣ በ1970 ውድድር ለመዳኘት በሄደበት ቦታ ዐረፈ። ሴመስ ኤኒስ በ1940ዎቹ ለባህል ቅርስ ኮሚሽኑ እየሠራ በየገጠሩ ዜማና ዘፈን ሰበሰበ። የራውሰም ተማሪ የነበረው ሊያም ኦፍሊን በ1972 ፕላንክስቲ ከተባለው የወጣቶች ቡድን ጋር ሆኖ ባግፓይፑን ከጊታር ጋር አቀናጅቶ ሲያሰማ፣ ረጅም ጠጉር ያላቸው የከተማ ልጆች የአያቶቻቸውን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያፍሩ አዳመጡት። ኤኒስም በ1982 ሲሞት የራሱን አሮጌ መሣሪያ ያወረሰው ለዚሁ ለኦፍሊን ነው። ከእጅ ወደ እጅ ማለት እንዲህ ነው።

የባንጆው ረጅም ጉዞ

ከወጣቱ ጐን የተቀመጠችው ልጃገረድ የያዘችው ባንጆስ? አየርላንዳውያን ዛሬ እንደ ራሳቸው ቢያዩትም ትውልዱ ከእኛው ክፍለ ዓለም ነው። በምዕራብ አፍሪካ በቅል ላይ ቆዳ ተወጥሮ፣ ረጅም እንጨት ተሰክቶበት ክር የሚዘረጋባቸው ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አሉ፤ በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የሚገኘው አኮንቲንግ አንዱ ነው። በባርነት ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ አሜሪካ የተጋዙት አፍሪካውያን ንብረታቸውንና ስማቸውን ቢነጠቁም የመሣሪያውን አሠራር በልባቸው ይዘው ሄደው በዚያው በሚያገኙት ቅል ሠሩት። በ1680ዎቹ ጃማይካን የጐበኘው በአየርላንድ የተወለደው ሐኪም ሃንስ ስሎን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን አይቶ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕላቸውን አውጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያኮራ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ምእተ ዓመት ነጮች ፊታቸውን በከሰል አጥቁረው ጥቁሮችን የሚያላግጡበት ትርኢት በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ባንጆውም የዚያ ትርኢት መሣሪያ ሆነ። ከእነዚህ ተጫዋቾች አንዱ፣ ከቨርጂኒያ የመጣው ጆኤል ስዊኒ፣ በ1840ዎቹ ብሪታንያንና አየርላንድን እየዞረ ባንጆን ለሕዝብ አሳየ። እንግዲህ ይህ የባሪያዎች መሣሪያ አየርላንድ የደረሰው በመሳለቂያ ትርኢት ውስጥ ገብቶ ነው። ይህን እውነት ሳይደብቁ መናገር ለመሣሪያው ውርደት አይሆንም፤ ለፈጠሩት ሰዎች ግን ክብር ነው።

በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ አራት የብረት ክር ያለው፣ በትንሽ ጠፍጣፋ መምቻ የሚመታ ባንጆ ተሠራ። በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ የነበሩት የፍላናጋን ወንድማማቾች በዚህ መሣሪያ የአየርላንድን ዜማ በሸክላ አስቀረጹ፤ ሸክላዎቹም ወደ አገር ቤት ተሻገሩ። መሣሪያውን ፈጽሞ አየርላንዳዊ ያደረገው ግን በ1962 የተቋቋመው የ«ደብሊነርስ» ቡድን ባንጆ መቺ ባርኒ ማኬና ነው። እርሱ የባንጆውን ክሮች ልክ እንደ ቫዮሊን፣ ግን አንድ እርከን ዝቅ አድርጎ ቃኘው። በዚህ ቅኝት የቫዮሊን ተጫዋች የሚያውቃቸውን ዜማዎች ሁሉ ባንጆ መቺው በተመሳሳይ የጣት አቀማመጥ መጫወት ቻለ። ማኬና በ2012 ቢሞትም ቅኝቱ በየወጣቱ እጅ ይገኛል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ለባግፓይፑ ቧንቧዎች ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ የአፍሪካ ጥቁር እንጨት የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው። ዛፉ በእኛም አገር ቆላ ይበቅላል። ስለዚህ በዚያ ጠባብ መጠጥ ቤት ጐን ለጐን የተቀመጡት ሁለቱ ወጣቶች ቢያውቁትም ባያውቁትም የአፍሪካን እንጨትና የአፍሪካን ጥበብ ታቅፈው ነበር ለማለት ይቻላል።

ባዕድ መሣሪያ ባህልን ያበላሻልን?

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ባንጆ ከውጭ የመጣ ከሆነ በእርሱ የሚሰማው ዜማ እንዴት የአባቶች ዜማ ይባላል? በአየርላንድም ይህን ጥያቄ ያነሡ ሰዎች ነበሩ፤ ባንጆ ድምፁ ጩኸት ያለበት ስለሆነ የባግፓይፑንና የቫዮሊኑን ለስላሳ ጌጥ ይሸፍናል ብለው የሚያጉረመርሙ ሽማግሌዎች ዛሬም አይታጡም። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ጥሩ ባንጆ መቺ ይህን ስለሚያውቅ ባግፓይፑ ሲገባ እጁን ቀለል ያደርጋል።

ነገር ግን የዜማው ማንነት በመሣሪያው የትውልድ አገር ይወሰናል ማለት አይቻልም። ቫዮሊንም ቢሆን ከጣልያን የመጣ ነው። የዜማውን ማንነት የሚወስነው ቅኝቱ፣ አካሄዱና በየድምፁ መካከል የሚገባው ጌጥ ነው። ባግፓይፕ ተጫዋቹ በጣቱ ፈጣን ንኪት የሚያስገባውን ጌጥ ባንጆ መቺዋ ሦስት ፈጣን ምት በመምታት ትተካዋለች። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም የሚታዘዙት ለዜማው ነው። መሣሪያው እንግዳ ሆኖ ገባ፤ የቤቱን ሥርዓት ተማረ፤ በመጨረሻም ቤተሰብ ሆነ።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ በፈረንጅ ሳክስፎን ፉከራና ሽለላ ሲያሰማ ማን ነው «ይህ የእኛ አይደለም» ያለው? በ2016 ያረፈው ይህ ታላቅ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ለውጦ አገሩን አልለወጠም።

የዛሬዎቹ ወጣቶች

ዛሬ በአየርላንድ ዜማውን የሚያስተላልፉት ሁለት ዓይነት መንገዶች አሉ። አንደኛው ትምህርትና ውድድር ነው። በ1951 በመሊንጋር ከተማ የተጀመረው «ፍላ ክዮል» የተባለው የሙዚቃ በዓል በየዓመቱ ሲደረግ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጭምር በየመሣሪያው ይወዳደራሉ፤ በ2024 እና በ2025 የተደረገው በዌክስፎርድ ከተማ ነበር። በሚልታውን ማልቤይ መንደር ደግሞ በ1973 ለሞተው የባግፓይፕ ተጫዋች ለዊሊ ክላንሲ መታሰቢያ የሆነ የበጋ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በሐምሌ ይከፈታል። በዚያ ሳምንት ቀን በክፍል፣ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ወጣትና ሽማግሌ አንድ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ መድረክ ነው። ከደንዶክ ከተማ የወጡት «ሜሪ ዋለፐርስ» የተባሉት ወጣቶች በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት መዝፈን ጀመሩና ስማቸው ገነነ። ዛሬ ባንጆና ባግፓይፕ ይዘው በትልልቅ አዳራሾች የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ቆመው ለሚጨፍሩ እኩዮቻቸው ነው። «ላንከም» የተባለው የደብሊን ቡድን ደግሞ ባግፓይፑ ሳያቋርጥ የሚያሰማውን ያንን ጥልቅ ድምፅ ይዞ፣ ለጆሮ እስኪከብድ ድረስ የጨለመና የዘገየ አዲስ አገጣጠም አበጅቷል።

ሁለቱ መንገዶች ሁልጊዜ አይስማሙም። የመድረኩ ልጆች ውድድር ተጫዋቾችን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርጋል፣ ዳኛን ለማስደሰት መጫወት ነፍስ የለውም ይላሉ። የትምህርቱ ሰዎች በበኩላቸው ጩኸትና ፍጥነት ዜማውን ይበላዋል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ትምህርት ቤቱ ከሌለ መድረኩ የሚያሰማው ነገር ያልቅበታል፤ መድረኩ ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ያጣል። የሚያስፈራው የእነርሱ ክርክር አይደለም። የሚያስፈራው ክርክር የማይነሣበት ጊዜ ነው፤ ሰው የሚከራከረው በሕይወት ስላለ ነገር ነውና።

ለእኛ ምን ይተርፈናል?

አንባቢ ሆይ፣ የሩቅ አገር ሰዎችን ታሪክ ያነሣሁት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር በ1970ዎቹ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና እያስተማሩ ያሳለፉት ዘመን ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ እናውቃለን። ታዲያ የአየርላንዱ ታሪክ የሚያስተምረን አሠራር ነው። አንድ መሣሪያ እንዳይጠፋ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ ማን ያስተምረዋል? ማን ይሠራዋል? የሽማግሌዎቹን ድምፅ ማን ይቀርጸዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይሰጡ ስለ ባህል ክብር ንግግር ማድረግ፣ እኅል ሳይዘሩ ስለ መከር መዝፈን ነው። ጥያቄዎቹን ለመመለስ ደግሞ ሙዚቀኛ መሆን ግድ አይደለም፤ ብራህናክ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጠረጴዛው፣ ኦኒል ከፖሊስ ጣቢያው ሆነው ያደረጉትን አይተናል። በየወረዳው ተመድቦ የሚሠራ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ ዛሬ በኪሱ የድምፅ መቅረጫ አለው። ለጆኒ ዶራን ጥቂት ሸክላ የነበረበት ዘመን አልፏል።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስና ላብቃ። ፊልሙ ሲያልቅ ያ በዕድሜ የሚበልጡን ባልደረባችን ቀልዳቸውን ትተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አባቴ ከብት ሲያግዱ ዋሽንት ይነፉ ነበር» አሉን። «አስተምርሃለሁ ሲሉኝ ትምህርት ቤት ገብቻለሁና የእረኛ ሥራ አልማርም አልኋቸው። ዛሬ አንዱንም ዜማ አላስታውሰውም፤ ጣቶቻቸው እንዴት እንደሚሄዱ ብቻ ትዝ ይለኛል።» ይህን ሲሉ በግራና በቀኝ እጃቸው የሌለ ዋሽንት ይዘው ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ። ድምፅ አልነበረም።

የሻዩን ሒሳብ ከፍለን ስንነሣ ከመካከላችን አንዱ፣ «በመንደርዎ ዛሬም የሚነፋ ሰው ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንድ የአክስቴ ልጅ ሳይኖር አይቀርም፤ እርሱም አርጅቷል» አሉ። ለሚመጣው በዓል ወደ አገራቸው ሲሄዱ ስልካቸውን ይዘው እንዲቀርጹት ተስማማን። እኔም ድምፁን ለመስማት ቀጠሮ ይዣለሁ።